የ8 ወር ልፋት፣ የ45 ደቂቃ ፎቶ

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ 23 ዓመቴ ነው። ኮስፕሌይ እሠራለሁ፤ የገጸ ባሕርያትን ልብስ ሰፍቼ፣ እነሱን መስዬ እለብሳለሁ። ዘንድሮ ከማንም ፊልም ያልወሰድኳትን፣ የራሴን ገጸ ባሕርይ ፈጠርኩ። የዐድዋ ዘመን ለምድ የደረበች የጠፈር ተዋጊ ናት። ጥሩሯን ከፎም ቆርጬ ብርማ ቀለም ቀባሁት። ለምዷን ከጥቁር ከፋይ ሰፋሁት፤ የወርቅማውን ክር ጥልፍ የጠለፈችልኝ እማዬ ናት። 8 ወር ፈጀብን። ፌብሩዋሪ ላይ ካትሱኮን ወደሚባለው የጃፓን ካርቱን ወዳጆች ጉባኤ (ኮን) ለብሼው ልሄድ ነው።

ችግሬ ፎቶ አንሺ ነው። አምና የአጎቴ ልጅ አነሳኝ። እሱ የሠርግ አንሺ ነው። እኔንም እንደ ሙሽራ አንገቴን አስደፍቶ አነሳኝ፤ ፊቴንም አንጥቶ ላከልኝ። ዘንድሮ ኢንስታግራም ላይ ሥራው የሚያምር አንድ ሰው አገኘሁ። 45 ደቂቃ፣ 300 ዶላር። ሙሉውን ዛሬውኑ በዜል (በስልክ ገንዘብ መላኪያው) ላኪ ይለኛል። የሚያነሳኝ ሆቴል ክፍሉ ውስጥ ነው። ‹ብቻሽን ነይ፣ ሰው ሲያይሽ ትጨናነቂያለሽ› አለኝ። እማዬ ደግሞ ‹ለፎቶ 300 ዶላር?› ብላ ጭንቅላቷን ይዛለች። ምን ትመክሪኛለሽ?
ባለ ለምዷ»

ባለ ለምዷ፣ ከሚያስቸኩለው ልጀምር። ገንዘቡን አትላኪ። ክፍሉም አትሂጂ።

ሰውየው ክፉ ነው እያልኩ አይደለም፤ አላውቀውም። ሆቴል ክፍል ውስጥ መጋረጃ ዘርግተው፣ መብራት ተክለው የሚሠሩ ጨዋ አንሺዎች አሉ። ፌብሩዋሪ ላይ ውጭው ብርድ ነው፤ ኮሪደሩም መላወሻ የለውም። እኔን ያስደነገጠኝ ክፍሉ ሳይሆን «ብቻሽን ነይ» የሚለው ነው። ጥሩር የለበሰ ሰው ብቻውን ምን ያደርጋል? ጎንበስ ማለት አይችልም። የወደቀበትን አያነሳም። ሽንት ቤት መሄድ ራሱ ፕሮጀክት ነው። ለዚህ ነው የኮስፕሌይ ሰዎች «ሃንድለር» የሚሉትን ረዳት ይዘው የሚሄዱት። ውኃ ያቀብላል፣ ማሰሪያ ያጠብቃል፣ ቦርሳ ይይዛል፣ ከካሜራው ውጭ ቆሞ ለምዱን ያራግባል። ሥራውን የሚያውቅ አንሺ ራሱ «ሰው ይዘሽ ነይ» ይልሻል። ሰው አታምጪ የሚል ወይ ሥራውን አያውቀውም፣ ወይ ሌላ ሥራ ነው ያሰበው።

«ሰው ሲያይሽ ትጨናነቂያለሽ» ማለቱ ደግሞ አሳቀኝ። በሺዎች የሚቆጠር ሰው መሀል ለምድ ደርበሽ ልትሄጂ ነው እኮ!

ኒውዮርክ ኮሚክ ኮን በ2014 ትልልቅ ማስታወቂያዎች አቁሞ ነበር፤ ኮስፕሌይ መልበስ ፈቃድ መስጠት አይደለም የሚሉ። ያለ ምክንያት አላቆማቸውም። ፎቶ ለመነሳት ስትስማሚ የተስማማሽው ለፎቶ ብቻ ነው። አቋቋምሽን በቃል ማስተካከል ይቻላል። ለምዱን በእጅ ማስተካከል ካስፈለገ መጀመሪያ ይጠይቅሻል።

ስለ ዜል ደግሞ። ዜል ጥሬ ብር እጅ ላይ እንደ ማስቀመጥ ነው። ወደሽ ፈቅደሽ የላክሽውን ማስመለስ ጣጣ ነው። ፔይፓል ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ለወዳጅ ዘመድ የሚላክበት ነው፤ ለገዢ ዋስትና የለውም። ሌላው ለዕቃና ለአገልግሎት የሚከፈልበት ነው፤ ሥራው ካልደረሰሽ አቤት የምትይበት አለሽ። አንሺው «ለወዳጅ በሚለው ላኪው፣ ኮሚሽን እንዳይቆረጥብኝ» ካለሽ ኮሚሽኑን አንቺ ጨምሪለትና በትክክለኛው መንገድ ክፈዪ። ቀብድ መጠየቅ ግን ነውር አይደለም። ሰዓቱን ላንቺ ሲይዝ ሌላ ሰው መልሷል። ቀብድ ስጪው። የቀረውን በዕለቱ።

ይህን የምለው ስለተቃጠልኩ ነው። ኦታኮን የሚባለው ሌላው ኮን ወደ ዋሽንግተን የመጣው በ2017 ነው፤ ከዚያ በፊት ባልቲሞር ነበር። በባልቲሞሩ ዘመን እኔም ዊግ አድርጌ፣ ክንፍ ሰፍቼ እሄድ ነበር። (አዎ፣ እኔ። ፎቶ አልለጥፍም።) አንድ ዓመት ለአንድ አንሺ ሙሉውን አስቀድሜ ከፈልኩ። ፎቶዎቹ የመጡት ከ11 ወር በኋላ ነው። 6 ነበሩ። በሁለቱ ዓይኔ ተጨፍኗል። ልጁ ሌባ አልነበረም፤ ዝርክርክ ነበር። የኔም ጥፋት አለበት። «ቶሎ እልክልሻለሁ» ሲለኝ ቶሎ ስንት ቀን እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ስንት ፎቶ እንደሚሰጠኝም አልጠየቅኩም። ክንፉን በሴንቲሜትር ለክቼ የሠራሁ ሴት፣ ፎቶውን በ«እሺ» ብቻ ዘጋሁት። አንቺም ወደዚያው እየሄድሽ ነው። ለስፌቱ 8 ወር ሰጥተሽ ለአንሺው የአንድ ማታ ኢንስታግራም ብቻ ነው የሰጠሽው።

እንዴት ይፈለግ? አንሺ አትፈልጊ፤ ፎቶ ፈልጊ። ካትሱኮን የሚደረግበት የናሽናል ሃርበሩ ጌይሎርድ ሆቴል ውስጥ የተነሱ፣ ጥሩር የለበሱ ሰዎችን ፎቶ ሰብስቢ። ጥቁር ልብስ የለበሱትንም ሰብስቢ። ከሁሉ በላይ የቆዳ ቀለማቸው አንቺን የሚመስሉትን። ኮስፕሌየሮች ከፎቶው ሥር የአንሺውን ስም መጻፍ ልማዳቸው ነው። አንድ ስም ሦስት አራት ጊዜ ከተመላለሰብሽ ያዢው። ከዚያ ለአንሺው ሳይሆን ለተነሱት ጻፊላቸው። ፎቶው በተባለው ቀን ደረሰሽ? ስትነሺ ምቾት ነበረሽ? ደግመሽ ትሄጂበታለሽ? የመጨረሻው ጥያቄ ላይ የሚያመነታ ሰው ካለ፣ ማመንታቱ መልስ ነው።

አንሺውን ራሱን ስታናግሪ ደግሞ የአንድ ሰው ሙሉ አልበም እንዲያሳይሽ ጠይቂ። ገጹ ላይ ያለው ከመቶ ተለቅሞ የወጣ ነው። ከአንድ ቀን ሥራ 15 ፎቶ ስታዪ ግን የሰውየው እጅ ይገባሻል። ስምንተኛው ፎቶ ላይ ይደክመዋል? ሁሉንም ከአንድ ጎን ነው የሚያነሳው? ጠይም ሰው ሲያነሳ ቆዳው ወደ አመድ ይሄድበታል?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የደብዳቤሽ ሕመም እዚህ ነው። ኮዳክ ለአሥርት ዓመታት የፎቶ ቤቶች ቀለም የሚያመዛዝኑበት አንድ ካርድ ነበረው። ሸርሊ ካርድ ይባላል። ካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ነበረች። እሷ ካማረች ማሽኑ ተስተካክሏል ማለት ነው። እኛ በዚያ ሚዛን ስንታተም ምን እንደምንመስል የድሮ አልበም ያለው ሁሉ ያውቃል። የዛሬ ካሜራ ከዚያ በጣም ይሻላል። ካሜራውን የያዘው ሰው ግን ልምዱ ይለያያል።

ያንቺ ልብስ ደግሞ ከባድ ፈተና ነው። ጥቁር ከፋይ ብርሃን ይጠጣል። ብርማ ጥሩር ብርሃን ይተፋል። መሀላቸው የጠይም ሰው ፊት አለ። ካሜራ በራሱ ሲለካ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ መውሰድ ነው የሚፈልገው። ለምዱ ሲበዛበት «ጨልሟል» ብሎ ያበራል፤ ፊትሽ ይገረጣል። ጥሩሩ ሲያብለጨልጭበት «በዝቷል» ብሎ ይቀንሳል፤ ፊትሽ ይጠፋል። ስለዚህ ፊትሽን ለክቶ በእጁ የሚያስተካክል ሰው ያስፈልግሻል።

አንድ ነገር ሞክሪ። ማታ መብራት አጥፊና ለምዱን ወንበር ላይ ስቀዪው። የስልክሽን ባትሪ አብርተሽ ፊት ለፊት ያዢው። እማዬ የጠለፈችው ሁሉ ልጥፍ ይላል። አሁን ባትሪውን ቀስ እያልሽ ወደ ጎን ውሰጂው። ጥልፉ ከከፋዩ ላይ ብድግ ሲል ታዪዋለሽ። ለአንሺው የምታቀርቢው ጥያቄ ይኸው ነው፤ «ጥቁር ከፋይ ላይ ያለ ጥልፍና ብርማ ጥሩር አንድ ላይ እንዴት ታበራለህ?» ከጎን ስለሚመጣ ብርሃን ከነገረሽ፣ መብራቱ ላይ ብርሃን የሚያለሰልስ ሰፊ ሶፍትቦክስ እንደሚያደርግ ካስረዳሽ፣ ገብቶታል። «ኤዲት ላይ እናስተካክለዋለን» ካለሽ ወደሚቀጥለው ስም እለፊ።

የአጎትሽን ልጅ ግን እንዲሁ አትጣይው። የሠርግ አንሺ ጨለማ አዳራሽ፣ ግርግርና የሚሮጥ ሰዓት ያውቃል። ኮን ላይ የሚያስፈልገው ይህ ነው። አምና ምን ነግረሽው ነበር? ገጸ ባሕርይሽ ማን እንደሆነች ያውቅ ነበር? ሴት ልጅ ተሽቀርቅራ መጣች፤ የሚያውቀውን አደረገ። ቆዳሽን ማንጣቱንም ብዙ ሙሽሮች ስለሚጠይቁት ነው የለመደው። (እኛም እንጠይቃለን፣ አንዋሽ።) የዘመድ ችግሩ ሌላ ነው። በነጻ ሲያነሳሽ ቅሬታሽን ትውጪዋለሽ። «ድገመው» አይባልም። እንደገና ከእሱ ጋር ልሥራ ካልሽ ትንሽም ቢሆን ክፈዪው። ያን ጊዜ አፍሽ ይፈታል።

ማንንም ብትመርጪ አንድ ገጽ ጽፈሽ ስጪው። ማን ናት? ከጦርነት እየተመለሰች ነው ወይስ እየሄደች? ትቆጣለች ወይስ ደክሟታል? የምትፈልጊያቸውን አምስት አቋቋሞች በስልክ ተነሺና ጨምሪበት። ቀረብ ብለው መነሳት ያለባቸውን ነገሮች ጻፊ፤ ጥልፉ፣ የጥሩሩ መገጣጠሚያ፣ ጎፈሬሽ። ለምድ ምን እንደሆነ ፈረንጁ አያውቅም። ጀግና የሚደርበው የክብር ልብስ መሆኑን ካልነገርሽው ሻርፕ አድርጎ ነው የሚያነሳልሽ።

ቦታውን በተመለከተ፣ ጌይሎርድ ባለ 19 ፎቅ ከፍታ የመስታወት አዳራሽ አለው፤ መስታወቱ ወደ ፖቶማክ ወንዝ ያያል። አዳራሹ ውስጥ ያለችውን ጋዜቦ፣ ጣሪያ ያላትን ትንሽ የመናፈሻ ዳስ፣ ታውቂያታለሽ። ቅዳሜ ቀን እዚያ ፎቶ መነሳት መርካቶ መሀል ቁጭ ብሎ መጽሐፍ እንደማንበብ ነው። ጋዜቦዋን ከፈለግሽ በማለዳ፣ ሰው ከአልጋው ሳይወርድ ሂዱ። ወንዙ በምዕራብ በኩል ስለሆነ ጠዋት በመስታወቱ የሚገባው ብርሃን ለስላሳ ነው፤ ለብርማ ጥሩር ይመቻል። ቀጠሮውን በፈረንጅ ሰዓት ጻፊው፤ ደግሞም በሀበሻ ቀጠሮ አትሂጂ። ካንቺ በኋላ ሌላ ሰው ይጠብቀዋል፤ 20 ደቂቃ ብታረፍጂ የተቀነሰው ካንቺው 45 ደቂቃ ላይ ነው። ለመልበስ የሚፈጅብሽን ጊዜ ቤት ውስጥ በሰዓት ለኪው። የመብራት ማቆሚያ ኮሪደር ላይ መትከል ብዙ ቦታ ስለማይፈቀድ የኮኑን ደንብ አንሺው ማንበቡን ጠይቂ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔ ብሆን ኮን ላይ አልነሳም። ኮን ላይ ከጓደኞቼ ጋር እየተንጫጫሁ በስልክ እነሳለሁ። የተከፈለበትን ፎቶ ለሌላ ቅዳሜ እይዘዋለሁ። ያኔ ጥድፊያ የለም፤ ብዙ አንሺዎችም ዋጋቸው ላይ ለመነጋገር ክፍት ናቸው።

16ኛ ጎዳና ላይ ያለውን ሜሪድያን ሂል ፓርክ ታውቂዋለሽ? በደረጃ የሚወርዱ 13 የፏፏቴ ገንዳዎች አሉት። ከላይ ደግሞ ጥሩር ለብሳ ፈረስ ላይ የተቀመጠች የፈረንሳይዋ ጀግና የዣን ዳርክ ሐውልት አለች። ዋሽንግተን ውስጥ ፈረስ ላይ ያለች የሴት ሐውልት እሷ ብቻ ናት። ከፈረንሳይ ሴቶች የተላከች ናት፤ ከ1922 ጀምሮ እዚያ አለች። በ2016 ሰይፏን ሰርቀዋት በ2018 አዲስ ተተካላት። ካንቺ ተዋጊ ጋር ጎን ለጎን ብትቆሙ ስንት ነገር ትነጋገራላችሁ! ፓርኩ የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ነው። በ2025 የወጣው ሕግ ከ6 ሰው በታች ሆናችሁ፣ በእጅ የሚያዝ ዕቃ ብቻ ይዛችሁ፣ ለሕዝብ ክፍት በሆነ ቦታ ሌላውን ሳታውኩ ከሆነ ፈቃድ አያስፈልግም ይላል። ሌላው ምርጫ እዚያው ዋሽንግተን ያለው የብሔራዊ አርቦሬተም፣ የዛፎች መናፈሻው፣ ዓምዶች ናቸው። ከካፒቶል ሕንፃ የተነሱ 22 ዓምዶች ሜዳ ላይ ቆመዋል፤ ጣሪያ የለ፣ ግድግዳ የለ። ሌላ ፕላኔት ላይ ያለ ፍርስራሽ ነው የሚመስሉት። እዚያ ግን ለተከፈለበት ፎቶ አስቀድመሽ ፈቃድ ጠይቂ።

አንድ ነገር በጥብቅ። ተዋጊሽ የጠፈር ጠመንጃ ካላት ውጭ ይዘሽው አትውጪ። ኮን ውስጥ መርምረው ምልክት ያስሩበታል፤ ሰው መጫወቻ መሆኑን ያውቃል። መንገድ ላይ ግን ከሩቅ የሚታየው ጥቁር ሰው መሣሪያ ይዞ ነው። በ2014 ክሊቭላንድ ውስጥ መናፈሻ ላይ መጫወቻ ሽጉጥ የያዘን የ12 ዓመት ልጅ ፖሊስ ተኩሶ ገድሎታል። ለውጭው ፎቶ ጋሻ ያዢ። ጋሻ ከለምድ ጋር ያምራል ደግሞ።

ስምምነቱ የጠበቃ ወረቀት መሆን የለበትም። ሁለታችሁም «እሺ» ያላችሁበት አንድ ኢሜይል ይበቃል። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ። ስንት ደቂቃ። ስንት ኤዲት የተደረገ ፎቶ፣ በየትኛው ቀን። ቀብዱ ስንት፣ ቀሪው መቼ። አንዳችሁ ብትታመሙ ቀብዱ ምን ይሆናል። «አንድ ረዳት አብራኝ ትመጣለች» የሚለውን አትርሺ። እና በግልጽ፣ «የቆዳዬን ቀለም አታንጣ፣ የፊቴን ቅርጽ አትቀይር» ብለሽ ጻፊ። የዊግ ጠርዝና የፎም ስንጥቅ ማጥፋት ይችላል፤ ያ ሥራው ነው።

የፎቶው ባለቤት ማን ነው የሚለው ብዙ ሰው ያጣላል። በአሜሪካ ሕግ የቅጂ መብቱ የአንሺው ነው። ከፍለሽም ቢሆን፣ በጽሑፍ ካላስተላለፈልሽ በቀር። ስለዚህ ገጽሽ ላይ መለጠፍ፣ አሳትመሽ መሸጥ፣ ውድድር ማስገባት የምትፈልጊ ከሆነ አሁን ጠይቂው። እሱም ያንቺን መልክ ለማስታወቂያ መጠቀም ከፈለገ ያንቺን ፈቃድ በጽሑፍ ይውሰድ። ኤዲት ያልተደረገውን ጥሬ ፋይል ብዙዎቹ አይሰጡም፤ አትነታረኪ። ኤዲት ያደረገውን ላይ ደግሞ የራስሽን ፊልተር አትጫኚበት። እሱ ቆዳሽን እንዳያነጣ ለምነሽ አንቺ ብታነጪው ምን ይባላል?

300 ዶላሩ ይብዛ ይነስ አልልሽም። ግማሽ ሰዓት ብቻ ገዝተሽ በደንብ የተዘጋጀሽበት፣ ሳይዘጋጁ ከገዙት 45 ደቂቃ ይሻላል። ከጓደኛ ጋር ተከፋፍላችሁ አንድ ሰዓት መያዝም አለ። በነጻ የሚሠሩም አሉ፤ «ቲኤፍፒ» ይሉታል። እሱ ጊዜውን፣ አንቺ ልብስሽን ታዋጣላችሁ፤ ፎቶው ለሁለታችሁም ይሆናል። ለጀማሪ ጥሩ ነው። ግን በነጻም ቢሆን ኢሜይሉ ይጻፍ። በነጻ ሲሆን እንዲያውም ይበልጥ ይጻፍ።

የኢንስታግራሙን ሰው ገና ካልተውሽው ይህን ላኪለት፤ «ሥራህን ወድጄዋለሁ። ረዳት ይዤ ነው የምመጣው፤ ቀብድ በፔይፓል እከፍላለሁ፤ ቀሪውን በዕለቱ። የአንድ ሰው ሙሉ አልበም ልታሳየኝ ትችላለህ?» ጨዋ ከሆነ ቅር አይለውም። ከተቆጣ ወይም ከጠፋ 300 ዶላርሽ ኪስሽ ውስጥ አለ።

እማዬን በተመለከተ፣ ስለ ዋጋው አትከራከሪያት። ረዳትሽ እሷ ትሁን። ጥልፉ የሷ ነው፤ የትኛው ጎን እንደሚያምርበት ካንቺም ከአንሺውም በላይ ታውቃለች። ኮን ውስጥ ከሆነ ለሷም የመግቢያ ባጅ ያስፈልግ እንደሆነ አጣሪ። የሚታጠፍ ወንበር ያዢላት፤ ቴርሞስ ቡናዋን ራሷ አትረሳም። ጥቁር ክርና ወፍራም መርፌም ቦርሳዋ ውስጥ ትያዝ። ከጥሩር ላይ የተደረበ ለምድ ቶሎ የሚተረተረው ትከሻው ጋ ነው።